እቁቡ ሲደርስህ፦ የመጀመሪያ ካሜራ ለሚገዛው ልጄ

ልጄ፣ በሚቀጥለው ዙር እቁቡ የአንተ እንደሆነና በገንዘቡ ካሜራ ልትገዛ እንዳሰብህ ነግረኸኛል። «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» ብለህም ጠይቀኸኛል። የአንዱን ሞዴል ስም ጠርቼልህ ማለፍ አልፈለግሁም፤ ማንን እንደምታነሳ፣ የት ሆነህ እንደምታነሳና ማን እንደሚከፍልህ ሳታውቅ የምትገዛው ካሜራ ከሦስት ወር በኋላ በግማሽ ዋጋ የምትሸጠው ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ልብህ ያለው ተራራው ላይ ነው። በደባርቅ አልፈው ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወጡ እንግዶች በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ረጅም ሌንስ እያየህ ነው ያደግኸው። ዋልያው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ጭላዳው ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሳር ሲነቅል አንተም ማንሳት ትፈልጋለህ፤ ደግ ነው፣ ታነሳለህ። ነገር ግን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም መጽሔቶችና የፊልም ባለሙያዎች ዋጋው ቤት የሚያሠራ ሌንስ ተሸክመው መጥተው፣ ሳምንታት ድንኳን ውስጥ አድረው አንስተውታል። የዋልያ ፎቶ የሚገዛ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ ኮሮናው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ የእንግዳውን እግር አሳስቶታል፤ ይህን ከማንም በላይ የደባርቅ ሰው ያውቀዋል።

የደባርቅና የዳባት ሰው ግን ሰርጉን የሚያነሳለት ይፈልጋል። የልጁን ክርስትና፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀችውን ሴት ልጁን፣ ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሰው የቆሙ እናቱን የሚያነሳለት ይፈልጋል። አባወራው ሲሞት ከመታወቂያ ላይ ፊቱን ቆርጠው፣ አስተልቀው፣ የደበዘዘውን ለቅሶ ቤት የሚሰቅሉ ቤተሰቦች አይተሃል። አንድ ጥርት ያለ ፎቶ በሕይወት ሳሉ ያነሳላቸው ሰው ስላልነበረ ነው። የአንተ ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ እንጀራህም ከዚሁ ይወጣል። ካሜራውን ለእነዚህ ሰዎች ግዛ፣ ዋልያው በትርፍ ጊዜህ ይደርስሃል።

ምናልባት ስልክህ ይበቃህ እንደሆነም መጀመሪያ ጠይቅ። አዲስ አበባ ያለው ግርማ በርታ የከተማውን መንገደኞች በአይፎን አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጌቲ ኢሜጅስና ከኢንስታግራም የጋራ ድጋፍ ካገኙት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆኗል። ፎቶህ ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ገንዘብህን አታውጣ፤ በያዝኸው ስልክ ዓይንህን አሠልጥን። ሰርግ ግን ሌላ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሳያቋርጥ መሥራት፣ በጨለማ ቤት ውስጥ ፊት ማውጣት፣ ፍላሽ መቀበል፣ ለግድግዳ ፍሬም የሚሆን ትልቅ ህትመት መስጠት አለበት። ዲኤስኤልአር፣ ማለትም በመስታወት የምታይበትና ሌንሱ የሚቀያየረው ካሜራ፣ የሚያስፈልግህ ለዚህ ነው።

«ጊዜው የሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ነው» ብለው የሚያስፈራሩህ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ለአንተ ግን ይህ መልካም ወሬ ነው። ባለ ገንዘቡ ወደ አዲሱ ሲሻገር አሮጌውን ይሸጣል፣ ያገለገለውም ዋጋው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ዲኤስኤልአር በመስታወት ስለምታይበት ዓይንህን አስጠግተህ በጠበቅህ ቁጥር ባትሪ አይበላም። መብራት ሄዶ ሁለት ቀን በሚቆይበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እሱም ብርሃን ነው። ሰርጉ የሚደገሰው የት ነው? ዳስ ውስጥ ነው፤ ላዩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሸራ፣ ወይም ቢጫ ላስቲክ ነው። ፀሐይዋ ሸራውን አልፋ ስትገባ የሙሽራዋን ፊት ሰማያዊ ታደርገዋለች። ዳሩ ላይ ደግሞ የደባርቅ የቀትር ብርሃን እንደ ልቡ ይገባል፤ ካሜራው በዚያ ተታልሎ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ጥላ ያደርገዋል። ክርስትና የሚበላው በአንድ ትንሽ መስኮት በሚበራ ቤት ነው። የሙሽራው እናት የምትመርቀው ጓዳ በራፍ ላይ ነው። ከብርሃን ጋር ያለህ ትግል እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሌንስ፣ ኪት ሌንስ የሚሉት፣ ወደ 55 ሲሳብ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽና ርካሽ ሌንስ ግን ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አሥር እጥፍ ማለት ምን እንደሆነ አስበው፦ በኪት ሌንሱ ወደ 55 ስበህ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 6400 አድርገህ የምታነሳው የተበላሸና የተንጨፈጨፈ ፎቶ፣ በሃምሳው ሌንስ አይኤስኦ 640 ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። አዲስ ቦዲ፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ፣ በመግዛት ይህን ያህል ልዩነት አታገኝም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ቦዲውን አሮጌ ግዛ፣ ከተረፈህ ገንዘብ ሃምሳውን ጨምር። ቦዲ በሬ ነው፣ ያረጃል፣ ይሸጣል፣ ይተካል፤ ሌንስ ግን መሬት ነው፣ ሦስትና አራት ቦዲ ይፈራረቅበታል።

ሃምሳው ብቻውን ግን አይበቃህም። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ጠበብ ብሎ ነው የሚያየው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ አሥር ዘመድ ለማንሳት ወደ ኋላ ብትል ግድግዳው ይመልስሃል። ለቡድን ፎቶ ያው 18–55 ያስፈልግሃል፣ ከብርሃን ቦታ ወይም ከፍላሽ ጋር። ደግሞም ሃምሳውን ስላገኘህ ሁልጊዜ 1.8 ላይ አትተወው። እዚያ ላይ የሙሽራዋ ዓይን ሲጠራ ጎኗ የተቀመጠው ሙሽራ ይደበዝዛል። ለአንድ ሰው 2.2፣ ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች 2.8 ወይም 3.5 አድርገው።

ስለ ሜጋፒክስል ብዙ አልናገርም። 18 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ለኤ3 መጠን ህትመት በቂ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ፍሬም የሚያዝህ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ በቁጥሩ አትጨነቅ።

ስለ ሞዴሉ ግን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፣ ብዙ ሻጭም አይነግርህም። አዲስ የወጣ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣቸው 2000ዲ እና 4000ዲ ከላያቸው ያለው የፍላሽ መሰኪያ መሃሉ ላይ የሚነካው ነጥብ የለውም። ያች ነጥብ ባለመኖሯ ርካሹ ማንዋል ፍላሽ፣ ለምሳሌ ዮንግኑ 560፣ ተሰክቶ አይበራም። 4000ዲ ላይ ደግሞ ሌንሱ የሚገጥምበት ቀለበት ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ከእነሱ በፊት የወጡት 1200ዲ እና 1300ዲ ግን ነጥቧ አላቸው። ስለዚህ «2000ዲ አዲስ ነው፣ ሳጥኑም አልተከፈተም» ሲሉህ፣ «ፍላሼን ይቀበላል?» ብለህ ጠይቅ። ኒኮንም እንዲሁ አድርጓል፦ ዲ3300 የነበረውን የማይክሮፎን መሰኪያና ሴንሰሩን የሚያራግፈውን ማጽጃ ዲ3400 ላይ አንስቶታል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅኸኝ፣ የመጀመሪያ ካሜራህ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ወይም 700ዲ ይሁን። ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው፣ የማይክሮፎን መሰኪያ አላቸው፣ ስክሪናቸው ይገለበጣል፣ በካሜራው ላይ ባለችው ትንሽ ፍላሽ ሌላውን ተስማሚ ፍላሽ ከሩቅ ማዘዝ ይችላሉ። ደንበኛህ ቪዲዮ መጠየቁ አይቀርምና ማይክሮፎኑ ያስፈልግሃል፤ እነ 1200ዲ ይህ የላቸውም። 600ዲ አንዱን ቪዲዮ ወደ 12 ደቂቃ ሲደርስ ያቆመዋል፤ ሽማግሌ ሲመርቁ መሃል ላይ እንዳይቋረጥብህ ቀድመህ አቁመህ እንደገና ጀምር። ስሙ ደግሞ እንደ መጣበት አገር ይለያያል። አሜሪካ የተሸጠው 600ዲ ሬብል ቲ3አይ፣ ጃፓን የተሸጠው ኪስ ኤክስ5 ተብሎ ተጽፎበታል። 700ዲም ቲ5አይ እና ኪስ ኤክስ7አይ ይባላል። ካሜራው ያው ነውና በስሙ ብቻ ዋጋ አትጨምር። ከጃፓን በመጣው ላይ ግን ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን ከፍተህ እይ።

ኒኮን ከወደድህም ጥሩ ካሜራ ነው፤ ዲ3200፣ ዲ3300 እና ዲ5300 በጨለማ ጎበዞች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ በእነዚህ ቦዲዎች ውስጥ ሌንስ የሚያዞር ሞተር የለም። ኤኤፍ-ኤስ (ከዲ3200 በቀር ኤኤፍ-ፒም ይሆናል) የተጻፈበት ሌንስ ካልገዛህ ፎከሱን በእጅህ ነው የምታዞረው። «50 ሚሊ 1.8 ዲ» የሚባለው ርካሹ እዚያ ላይ ፎከስ አያደርግም፤ 35 ሚሊ 1.8 ጂ ይሻልሃል። በመጨረሻ ግን ምርጫህን የሚወስነው አብረኸው የምትሠራው ሰው የያዘው ይሁን። ጎንደር ሄደህ ረዳት የምትሆንለት ባለሙያ ካኖን ከያዘ አንተም ካኖን ግዛ፤ ባትሪ ሲያልቅብህ ያበድርሃል፣ የማትገዛውን ሌንስ ለአንድ ቀን ያውስሃል።

ገንዘቡን እንዴት ትከፍለዋለህ? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዋጋ በብር አልነግርህም፤ በድርሻ እንነጋገር። ከእቁቡ ግማሹ ከኪት ሌንሱ ጋር ለቦዲው ይሁን፣ ከዚያ አይበልጥ። ሩቡ ለሃምሳው ሌንስና ለማንዋል ፍላሽ። የቀረው ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሚሞሪ፣ ለቦርሳ፣ ፎቶውን ለምታስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ። ገንዘቡን በሙሉ ቦዲው ላይ አፍስሶ በአንድ ባትሪ ሰርግ የሄደ ልጅ ኬክ ሳይቆረስ ይጠፋበታል። 600ዲም 700ዲም በአንድ ባትሪ 440 ፎቶ ገደማ እንደሚያነሱ ነው አምራቹ የሚናገረው፤ ያም ብርድ በሌለበት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጥር ማለዳ ላይ፣ ያውም ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ፣ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን በጃኬትህ የውስጥ ኪስ፣ ገላህ አጠገብ ያዘው። ደከመ ያልኸው ባትሪ ሲሞቅ ትንሽ ይመለሳል።

ሚሞሪ ስትገዛ አንድ 64 ጊጋ ከመያዝ ሁለት 32 መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ሰርግ ይተርፋል። ገበያ ላይ የሐሰት ሚሞሪ ብዙ ነው፤ 32 ተብሎ ተጽፎበት 8 የማይዝ አለ። ሥራ ላይ ከማዋልህ በፊት በፋይል ሙላውና የገባው ሁሉ መከፈቱን እይ።

ስለ ፍላሹ እዚህ ላይ ልጨምር፣ ቦታችን ይህን ይጠይቃልና። ፍላሽን ፊት ለፊት ሰው ላይ አትተኩስ፤ ግንባሩ ያበራል፣ ከኋላው ያለው ይጨልማል። ቤቱ በአቡጀዴ የተሠራ ነጭ ኮርኒስ ካለው ፍላሹን ወደ ላይ አዙረው፤ ብርሃኑ ከኮርኒሱ ተመልሶ ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል። ጣሪያው በጭስ የጠቆረ እንጨት ከሆነ ግን ብርሃኑን ይበላዋል፤ ያኔ ከጎን አንድ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ይያዝልህ፣ ወደ ጋቢው ተኩስ። ሰማያዊ ሸራ ሥር ወደ ላይ ብትተኩስ የሚመለሰው ሰማያዊ ነው። ዳስ ውስጥ ከሆንህ በሙሽሮቹ ፊት አንድ ነጭ ነጠላ ዘርግተህ አንሳና ካሜራውን «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብለህ ሜኑው ውስጥ አስተምረው፤ ቀለሙ ይስተካከላል። ስትጠራጠርም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ አንሳ፣ ቤትህ ሆነህ ታቃናዋለህ።

ነጭ ልብስና የእኛ ፊት አብረው ሲነሱም ካሜራው ይስታል። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር፣ ሙሉ ነጭ የለበሱ እናት ፊቱ ሲቆሙ «በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን ወደ +1 ከፍ አድርገው። በምረቃ ቀን ተቃራኒው ነው፤ ጥቁር ገዋን ሲያይ ያበራዋል፣ ፊቱን ያነጣዋል፤ ትንሽ ወደ ታች አውርደው። በቀትር ደግሞ ሰውን አደባባይ አታቁም። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ዓይን ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የቤት ጥላ ሥር አምጣውና ፊቱን ወደ ደጁ ብርሃን አዙረው።

ያገለገለ ስትገዛ ብቻህን አትሂድ፣ ላፕቶፕና የራስህን ሚሞሪ ይዘህ ሂድ። በቀን ተገናኝ። መጀመሪያ ሌንሱን ፈትተህ የስልክህን መብራት በውስጡ አሳልፍ፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ካየህ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰደው። ትንሽ አቧራ ግን አያሳስብህ። ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሰማዩን አንሳና ፎቶውን አስተልቀህ እይ፤ ጥቁር ነጠብጣቦች ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ናቸው፣ ይጸዳሉ። ጭረት ከሆነ ግን አይጸዳም፣ ተወው። የሚሞሪው ማስገቢያ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መነካኪያዎች እንዳልተጣመሙ እይ። ባትሪው አብጦ ከሆነ ከዋጋው ቀንስ። ፍላሽ ሰክተህ አብራው። ሁሉንም ቁልፍ ተጫን፣ ፎከሱን በቅርብም በሩቅም ሞክር።

ሹተሩ፣ ማለትም ፎቶ ባነሳህ ቁጥር የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳበትም ጠይቅ። በዚህ ደረጃ ላሉ ካሜራዎች ዕድሜው 100,000 ገደማ ነው ይባላል፤ አንድ ሰርግ 1,000 ቢያስነሳ መቶ ሰርግ ማለት ነው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ አንድ ፎቶ አንስተህ ላፕቶፑ ላይ ታነበዋለህ። አብዛኛው ካኖን ግን በፋይሉ ውስጥ አይጽፈውም፤ ካሜራውን በገመድ አገናኝተህ በፕሮግራም ነው የምታየው። ለዚህ ነው ላፕቶፑን ያዝ ያልሁህ። ቁጥሩ 20,000 ከሆነ ደስ ይበልህ፤ 90,000 ከሆነ ዋጋው ያንን ይምሰል። ደረሰኝ ወይም ሳጥን ጠይቅ፣ ከሌለው ሻጩን የሚያውቅ ሰው አምጣ፤ የተሰረቀ ካሜራ ገዝተህ በሰው ዕንባ እንጀራ እንድትበላ አልፈልግም። ቴሌግራም ላይ አይተህ ሳትነካው ቀብድ አትላክ።

የጊዜውን ነገር ደግሞ አስብበት። ሰርግ የሚበዛው በጥር ነው፣ ከዚያ ጾሙ ይገባል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። ካሜራውን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብትገዛ ለመለማመድ ሁለት ወር ይኖርሃል። በዚያ ጊዜ ጎረቤቶችህን አንሳ፣ አስከፍለህ ሳይሆን አንድ አንድ ፎቶ አሳትመህ በመስጠት። ገበሬው ገበያ ሲመጣ ሳታስፈቅድ አታንሳው፤ ካስፈቀድህና ካነሳኸው ደግሞ ፎቶው እጁ እንዲገባ አድርግ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስተዳዳሪውን ሳትጠይቅ ካሜራ አታውጣ፣ ማኅሌቱ ላይ ፍላሽ አታብራ። አገር ያወቀህና ያከበረህ ፎቶ አንሺ ሥራ አይፈልግም፣ ሥራው ይፈልገዋል።

ተራራውን ረስቼዋለሁ እንዳትል። ጭላዳ ሰው አይሸሽም፤ ሳንቃበር አካባቢ መንጋው ሲግጥ በጥቂት ሜትር ርቀት ትቀመጣለህና ረጅም ሌንስ አያስፈልግህም። በሃምሳው ራሱ ፊቱን ታወጣለህ፤ ግን አታባርረው፣ አትመግበው። ጨነቅ ላይ ለዋልያ የሚሆንህ 55–250 የሚባለው ነው፤ ከጥር ሰርጎች ትርፍ ላይ ትገዛዋለህ። ለቀይ ቀበሮ ግን ገና ነህ።

እቁቡ በመስከረም ከደረሰህ ንገረኝ፤ ጎንደር አብሬህ እወርዳለሁ። ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት ሌንሱን በብርሃን፣ ሹተሩን በላፕቶፕ እናየዋለን። ሻጩ «አትክፈቱት» ካለ ትተን እንወጣለን፤ ሌላ ካሜራ አለ፣ እስከ ጥርም ገና ወራት ይቀሩሃል።